ማሽኑ እንዳይሮጥ

በልብስ ስፌት ፋብሪካው እንግሊዝኛ የሚያውቀው አስተርጓሚው ብቻ ነበር፤ እሱ እንደሚለው። በሃያ ዓመት ውስጥ ማንም አርሞት አያውቅም፤ የሚያርም ሰው ስላልነበረ።

አንድ ቀን አዲስ የጨርቅ መቁረጫ ማሽን ከነእንግሊዝኛ መመሪያው መጣ። መመሪያው ላይ «ራን» የሚል ግስ ነበር። «ራን» ማለት «ሮጠ» መሆኑን አስተርጓሚው ከልጅነቱ ጀምሮ ጠንቅቆ ያውቃል፤ መዝገበ ቃላት መግለጥ ለእሱ ውርደት ነው። ስለዚህ «ማሽኑ ሲሮጥ ብቻውን አትተዉት» ብሎ ተረጎመና ማኅተም አስመታበት።

ሥራ አስኪያጁ ማኅተም ያለበትን ወረቀት የማይጠራጠሩ ሰው ናቸው። ማሽኑን ከምሰሶ ጋር በሰንሰለት አሳሰሩት፤ ጥበቃም አቆሙበት።

መካኒኳ ልትተክለው ስትመጣ ሰንሰለቱን አይታ፣ «ምን አጥፍቶ ነው?» አለች።

«ይሮጣል አሉ» አላት ጥበቃው።

ትርጉሙን ከመመሪያው ጋር አስተያይታ አስተርጓሚው ቢሮ ገባች። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ 'ራን' እኮ 'ሠራ' ማለት ነው። ማሽኑ እየሠራ ጥላችሁት አትሂዱ ነው የሚለው።»

አስተርጓሚው መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ወለወለው። «እሱማ መች ጠፋኝ» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ።

በማግስቱ ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ጻፈ፦ «በተደረገው ጥብቅ ክትትል ማሽኑ ጠባዩን ስላሻሻለ ሰንሰለቱ ይፈታለት።»

ሰንሰለቱ ተፈታ፤ አስተርጓሚውም የምስጋና ወረቀት ተሰጠው።