ከእኛ ቀድሞ መብራት የገባለት አፈር

ደባርቅ ሱቅ ነበረኝ። ጨው፣ ሚስማር፣ የሞባይል ቻርጀር፣ የአረም መድኃኒትም እሸጥ ነበር። የሚስቴ አባት ደግሞ ከዳባት ዝቅ ብሎ ባለ መንደር ገበሬ ነበሩ። የአረም መድኃኒት ረጭተው ሲመለሱ መርጫውን የሚያጥቡት ሁልጊዜ ጓሮ፣ ጌሾው ሥር ነው። «እሱም ውኃ ይጠጣ» ይላሉ። ጠጣና ደረቀ። የተኩት ችግኝም ተጨማዶ ቀረ።

የማኅበሩ ጽዋ እሳቸው ቤት ሊገባ ነው፤ ጠላ ያለ ጌሾ አይሆንም።

«ከገበያ ላምጣልዎ?» አልኳቸው።

«የገበያ ጌሾ? ማኅበርተኛው ገና ሲቀምሰው ያውቀዋል!»

«ከጎረቤትዎ ይጠይቁ።»

«ከዚያ ሰው? ጥሬ ውኃ ባቀርብላቸው ይሻለኛል።» በድንበር ከተኳረፉ ቆይተዋል።

በዚያው ሰሞን አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ከሱቄ የብረት ዘንግ ሲገዛ ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። እርጥብ አፈር ላይ ሁለት ብረት ተክለው ኤሌክትሪክ ሲለቁበት፣ መርዙ እየተሳበ አንደኛው ብረት ዘንድ ይከማቻል፤ የዚያችን አፈር ብቻ ቆፍሮ ማውጣት ነው አለኝ። የሚሞክርበት መሬት ይፈልጋል። ወደ አማቴ ጓሮ ወሰድኩት።

ሶላርና ባትሪ አቆመ። አማቴ ዞር ዞር ብለው አዩት። «እኛ መብራት ስንለምን ሸበትን፣ አፈሩ ቀድሞን አስገባ?»

መምህሩ አፈሩን እንዳያደርቁት አደራ ብሎ ሄደ። ገና ከዓይን ሳይሰወር አማቴ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«አንተ ነጋዴ፣ ይኼ ስልክ አይሞላም?»

«አፈሩስ?»

«አፈሩ የት ይሄዳል!»

ለመንደሩ ቻርጀር ከእኔ ሌላ የሚሸጥ የለ፤ ምን ብዬ እከራከራለሁ? ገመዱን ቀጠልኩላቸው። የመንደሩ ስልክ ሁሉ በእንቅብ ተከድኖ ጓሮ ይውል ጀመር።

መምህሩ ተመልሶ ሲለካ ግራ ገባው። «አባባ፣ ኃይሉ የት ገባ?»

አማቴ ሰማዩን አዩ። «ደመና ነበር፣ ልጄ።»

እንቅቡ ጮኸ። መምህሩ ከፈተው፤ ስልኮቹን አንድ በአንድ አየና፣ «በዚህ አያያዝማ አፈሩ ለከርሞም ጌሾ አያበቅልም» አለ።

«የማን ነው የሚጮኸው?» አሉ አማቴ፣ ጥፋቱን ለማላከክ።

ሚስታቸው ከጓዳ ብቅ አሉ። «የጎረቤታችን ነው። ስልኩን ሙሉልኝ ብሎ ከአንድ እቅፍ ጌሾ ጋር በአጥር አቀብሎኝ ነው የሄደው። ጌሾውን ልመልስለት?»

አማቴ መጀመሪያ ብረቱን፣ ቀጥሎ የጎረቤታቸውን አጥር አዩ። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞረው በለሆሳስ እንዲህ አሉ፦

«ሌላውን ሁሉ ንቀለው፣ ልጄ። የዚህን ሰው ግን እስኪሞላ ተወው፤ በግማሽ መመለስ ነውር ነው።»