ስቴርዮስ ሐዲዱ ላይ የተቀመጠ ዕለት

ስቴርዮስን የሚያውቁ ሁሉ «ያ ባቡር ያስቆመው እብድ» ይሉታል። ዕድሜውን ሙሉ የባቡር እግር ሲያዳምጥ ኖሮ ያተረፈው ስም ይኸው ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር!

አክሲዮስ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር ከአቴና ተነሥቶ ወደ ሙኒክ ሲጓዝ፣ ከዩጎዝላቪያ ድንበር በፊት ባለችው የመጨረሻ የግሪክ ጣቢያ ሃያ ደቂቃ ይቆማል። ስቴርዮስ ያኔ እጀታው ረጅም በሆነ መዶሻ መንኮራኩሩን አንድ በአንድ እየመታ ያልፋል። ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ድምፁ የታፈነ ከተገኘ ፉርጎው ላይ በጠመኔ መስቀል ይሰመርበታል፤ የተሰመረበትም ከባቡሩ ተፈትቶ ይቀራል። መስቀሉን ካሰመረው ሰው በቀር ማንም አያጠፋውም። የትም ያልተጻፈ፣ ግን የሚከበር ሕግ ነበር።

በፈረንጆች 1972፣ የነሐሴ የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ቀትር ላይ። ባቡሩ እረፍታቸውን ጨርሰው ወደ ጀርመን ፋብሪካዎች በሚመለሱ ሠራተኞች ጢም ብሏል። የሰባተኛው ፉርጎ መንኮራኩር ሲመታ ድምፁ ታፈነ። ስቴርዮስ ደገመው፤ ያው ነው። መስቀሉን አሰመረ።

ታናሽ እኅቱ ክሪሳንቲ የተሳፈረችው እዚያው ፉርጎ ውስጥ ነበር። ባለፈው ዓመት ሙኒክ ወዳለው ፋብሪካዋ አንድ ቀን ዘግይታ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷታል፤ ሰኞ ጠዋት ማሽኗ ላይ ካልተገኘች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ሌሎቹ ፉርጎዎች መቆሚያ እንኳ የላቸውም። ዘልላ ወረደች።

«ተው ወንድሜ፣ እንጀራዬን አትዝጋብኝ።»

«ተሰንጥቋል እኮ!»

«ከአቴና እዚህ ድረስ ሰው አምጥቶ የለ? እኔ ስሳፈር ጊዜ ተሰነጠቀ?»

ከየመስኮቱ ስድብ ወረደ። አንዱ የወይራ ዘይት ጣሳውን እንዳቀፈ፣ አዳምጥ ብሎ ደንቆሮ የሚቀጥር መንግሥት የኛ ብቻ ነው አለ። ሰው ሳቀ። ክሪሳንቲ ሻሿን ፈታችና መስቀሉን ሙልጭ አድርጋ ጠረገችው።

የጣቢያው ምክትል አለቃ ፓስካሊስ ይህን ቆሞ ያያል። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ምልክት እስካላየሁ ድረስ አላግደውም አለና ፊሽካውን ወደ አፉ አስጠጋ። ፈገግ ማለቱ ነው ስቴርዮስን ያሳበደው። መዶሻውን ወርውሮ ሰባተኛው ፉርጎ ሥር ገባና ሐዲዱ ላይ ተቀመጠ።

«ንፋ፣ አለቃ። መጀመሪያ እኔን ይደፍጥጠኝ።»

ፓስካሊስ ለመነ፣ ዛተ፣ ፖሊስ ጠራ። ፖሊሱ ከፉርጎ ሥር ለመግባት ፈራ። በመጨረሻ ፉርጎው ተፈታ፤ አርባ ሰው ጣቢያው ላይ ቀረ። ክሪሳንቲም ቀረች። ብዙዎቹ ስቴርዮስ ላይ ተፉበት፤ እሷ ግን ዞር ብላም አላየችውም።

በማግስቱ ባቡር ሄዳ ሰኞ ማታ ደረሰች። ማሽኗ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች። ከዚያ ወዲህ ሙኒክ ውስጥ የሆስፒታል ወለል ስትወለውል ኖረች።

መንኮራኩሩ ጥገና ክፍል ሲደርስ በአንድ ምት ለሁለት ተከፈለ። ፓስካሊስ ስንጥቁ በራሱ ንቃት እንደተገኘ አድርጎ ሪፖርት ጻፈና ተመሰገነ። ስቴርዮስን ደግሞ ትእዛዝ ጥሰሃል ብሎ ሻንጣ መዛኝ አደረገው። ስቴርዮስ የጥገናውን ወረቀት ግልባጭ ለእኅቱ ላከላት። መልስ የለም። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አንዲት ፖስታ እንኳ አልመጣችም።

በ1991 ዩጎዝላቪያ ውስጥ ጦርነት ተነሣና አክሲዮስ ኤክስፕረስ ተቋረጠ። ክሪሳንቲ ጡረታ ወጥታ የተመለሰችው በመጨረሻው ጉዞ ነው። ፀጉሯ ሸብቷል፣ እጆቿ በሳሙና ተልጠዋል። ስቴርዮስ ሻንጣዋን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«ወረቀቱ ደርሶኛል» አለች ሻንጣዋን ሳትለቅ። «መሰንጠቁን አምኛለሁ። እኔ ግን የለመንኩህ ሰኞ ጠዋትን ነበር።»

ይቅርታ ማለት ይችል ነበር። ያ ሁሉ ዓመት ግን አንገቱ ድረስ ሞልቶበታል።

«ዛሬም ቢሆን እቀመጣለሁ» አላት። «ቀብሬሽ ከማለቅስ፣ ኖረሽ ብትጠዪኝ ይሻለኛል።»

ክሪሳንቲ ሻንጣዋን አንሥታ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች።