የፈረስ አጃቢ ሆኜ ጅቡቲ ስገባ

ከናዝሬት የወጣሁት ማምሻውን በባቡር ነው፤ ከአንድ ፈረስ ጋር በአንድ ፉርጎ። ጣሊያን በአውሮፕላን ሄደች ብለው ያወሩትን ሰምቻለሁ፤ ያወሩትንም አውቃቸዋለሁ።

ቡሌ የሲኞራ ፈረስ ነበር። ሲኞራ የብርቱካን እርሻዋ ተወርሶባት ወደ ጣሊያን ልትመለስ የተነሳች፣ እኔ ቤቷን የማስተዳድርላት ሴት ናት። ያለ ፈረሷ አልሄድም አለች፤ ለእኔም የፈረሱ አጃቢ የሚል የጣሊያን ቪዛ አስወጣችልኝ። ቀበሌ ሁለት ጊዜ አስሮኛል። ሦስተኛውን ቁጭ ብዬ አልጠብቅም።

ፈረሱን ድሬዳዋ አድርሼ እመለሳለሁ ብዬ ለከተማ መውጫ ፈቃድ የቀበሌው ሊቀመንበር ፊት ቀረብኩ።

«ሴት ባልደራስ በየት አገር ታይቷል?» አለኝ።

«አብዮቱ ሴትና ወንድን እኩል አድርጓል ስትሉ አምኜ ነው፣ ጓድ።»

ማኅተሙን መታ።

ሲኞራ መርከብ ልታመቻች ቀድማ ጅቡቲ ገባች። ስትሄድ፣ «የቡሌ ደም እስኪመረመር መርፌ እንዳይነካው» አለችኝ። ቤቷ ታሽጎ ስለነበር ቡሌ የመጨረሻውን ወር በጋሪ ነጂው ወንድሜ በታደሰ ግቢ አደረ። ለታደሰም ፈረሱን ድሬዳዋ አድርሼ እመለሳለሁ አልኩት። ሚስቱ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ውስጥ ነበረች፤ እሷ የሰማችውን ሊቀመንበሩ ሳይመሽ ይሰማል። ታደሰ ባቡር ጣቢያ ሲሸኘኝ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። «የፈረሱ ነው፣ ሲጠይቁሽ ስጪ» አለኝ። ሳልገልጠው ከሌሎቹ ወረቀቶች ጋር አሰርኩት።

ጅቡቲ ሲደርሱ ፊትን የሚመታው አየር የተከፈተ ምድጃ ነው። የናዝሬትን አቧራና ነፋስ ስረግም የኖርኩ ሴት፣ ያን ነፋስ በአንድ ቀን ናፈቅኩት። በሳምንቱ የእንስሳት ጤና ቢሮ ተጠራን። ድሬዳዋ ያደገ፣ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሹም ነበር።

«ደሙ ውስጥ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ምልክት አለ፣ እመቤቴ።»

«አንድ ቀን ታሞ አያውቅም።»

«አዎ፣ ተከትቦ ነው። ይኸው ወረቀቱ፤ እርስዎ ነዎት የሰጡኝ።» የታደሰን ወረቀት ገልጦ አሳየኝ። «ክትባቱም በሽታውም ደም ውስጥ የሚተዉት ምልክት አንድ ነው። ጣሊያኖቹ እንዲህ ያለውን አያስገቡም።»

«እንዳይታመም ስለተከተበ?»

«በትክክል። የእርስዎ የቢጫ ወባ ካርድ የታለ?»

ሰጠሁት። አገላብጦ አየውና፣ «ይህ ባይኖርዎ ኖሮ እርስዎንም አያስገቡም ነበር» አለ። «ግን ቪዛዎ የፈረስ አጃቢ ይላል። ፈረሱ ካልሄደ ማንን ያጅባሉ?»

ሲኞራ የቡሌን ግንባር ስማ አለቀሰች። እኔን ጨበጠችኝ። ያለ ፈረሷም ተሳፈረች፤ መርከቡ ሄደ።

ቡሌን የፈረንሳይ መኮንኖች የሚጋልቡበት በረት ወሰደው። ከሰው ያልተናነሰ ሥራ አገኘ፤ በእሱ አማላጅነት እኔም በረት ጠራጊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ማዳም እያሉ አካፋ ይሰጡኛል። ቀትር ላይ ዓሣ ባጌት በሚሉት ረጅም ዳቦ እበላለሁ፤ ሽሮ ያለበት ቤት እስካገኝ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ለናዝሬት ሰዎች ግን ጣሊያን አገር ነኝ ብዬ አላውቅም፤ በወሬ የላኩኝ እነሱ ናቸው።

ታደሰ ጋር የደወልኩት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ቴሌ አስጠራሁት። የምለውን አጥንቼ ነበር።

«አንተ ፈረሱን ማን አስከትበው አለህ?»

«ክትባት መጣ ሲባል ጋሪ ነጂ ሁሉ ተሰለፈ፣ እትዬ። የእኔን ወስጄ የአደራውን ፈረስ ልተወው? ቢሞትብኝስ?»

«እዚህ ያስቀረኸኝ አንተ ነህ።»

ከኋላው የቴሌዋ ልጅ ስም ስትጠራ ይሰማል።

«ጣሊያን ልትሄጂ እንደነበር ማን ነገረኝ?» አለ በመጨረሻ። «አንድ ቃል ብትነግሪኝ እኮ ቡሌን ከመርፌው ደብቄ አሳድርልሽ ነበር። ለሚስቴም አልናገርም ነበር። አላመንሽኝም?»

መስመሩ ተበላሸ፣ አይሰማኝም አልኩት።

ትንፋሹ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር።