ስንዴ የማይሆናት ልጅ፦ ከሮቤ እስከ ጊኒር

ከሮቤ የተነሳነው ማለዳ ነው፤ ወደ ጎባ። ባለቤቴ አልማዝ ገና አራስ ስለነበረች፣ የስድስት ዓመቷን ልጃችንን ሂሩትን ሐኪም ቤት የማድረሱ ተራ የእኔ ሆነ። ከመንዝ ወጥቼ ሮቤ የጂኦግራፊ መምህር ከሆንኩ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የባሌን ወንዞች ከነመነሻቸው ለተማሪ አስተምራለሁ፤ ልጅ ማብላት ግን ሁልጊዜ የእናቷ ሥራ ነበር።

ሂሩት ጡት ከተወች ጀምሮ ጤና የላትም። ሆዷ ይነፋል፣ ክንዷና እግሯ አጥንት ብቻ ነው፣ ተቅማጡም ተወት ያደርጋትና ይመለስባታል። ባለፈው ክረምት እናቷ አዲስ አበባ ወስዳት ከአንጀቷ ናሙና ተወስዶ ነበር። ውጤቱ ጎባ ላለው ሐኪም ተልኳል ስለተባልን ነው መንገዳችን። ምግብ ላይ ደግሞ አስቸጋሪ ልጅ ናት። ወተት ይሸተኛል፣ እንቁላል ያቅለሸልሸኛል፣ ድንች አፌ ውስጥ ይዞራል ትላለች። ያለ ክርክር የምትበላው ዳቦ ብቻ ነው። ዳቦ የበላች ቀን አልማዝ ፊቷ ይፈታል።

ጎባ

ከሮቤ ጎባ ሩቅ አይደለም። ግራና ቀኙ ስንዴ ነው፤ የመንግሥት እርሻው ኮምባይነሮች አጨዳ ጀምረው አቧራው መንገዱን ሸፍኖታል። ሂሩት ጭኔ ላይ ተቀምጣ እናቷ የቋጠረችላትን ዳቦ እየቆረሰች ትበላለች።

ሐኪሙ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነው። ውጤቱን አነበበ፤ ከዚያ ቀና ብሎ የልጅቷን እጅ አየ።

"መምህር፣ የሚያሳምማት ይኼ ነው" አለኝ።

"የቱ?"

"ዳቦው። አንጀቷ ስንዴና ገብስ አይቀበልም። በበላች ቁጥር ይጎዳል። አጃም እንዳትሰጧት።"

"እስኪሻላት ድረስ?"

"ዕድሜ ልኳን። መድኃኒቱ እሱ ብቻ ነው።"

የሚቀልድ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አልቀለደም። የእኛ ቤት እንጀራ ስንዴና ገብስ ተቀይጦ የሚጋገር ነው። በሶው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ፣ ገንፎው ገብስ፣ ቂጣው ስንዴ። የቀበሌው ሱቅ የሚያከፋፍለውም የስንዴ ዱቄት ነው።

"ታዲያ ምን ትብላ?"

"ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ ሥጋ። የምትቀበለውን ፈልጉላት፤ ግን ቶሎ ነው። በዚህ ሰውነቷ ሌላ ክረምት የምትችል አይመስለኝም።"

ግቢው ውስጥ ዳቦውን ከእጇ ወሰድኩት። አላለቀሰችም። "አባዬ፣ ምን አጠፋሁ?" አለችኝ። 

ወደ ጊኒር

የሮቤን ገበያ ዞርኩት፤ ጤፍ የለም። ጎረቤታችን ባለሱቁ አቶ ሁሴን ነገሩን ሲሰማ፣ "ወደ ቆላው ውረድ እንጂ። ጊኒር በቆሎና ማሽላ ሞልቷል፣ ጤፍም አይጠፋም። እህቴ ከድጃ እዚያ ናት፤ ቤቷ ቤትህ ነው" አለኝ። አልማዝ ደግሞ፣ "ልጅቷንም ይዘሃት ሂድ። የምትወደውን እዚያው ቀምሳ ትምረጥ፤ እዚህ ያለችው ዳቦ እየሸተታት ነው" አለች። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁና አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ገባን።

ጎሮ ላይ ለምሳ ቆምን። ሻይ ቤቱ ያለው ዳቦና ሳንቡሳ ነው። የቋጠርነውን ቅቅል ድንች ፈታሁላት፤ ፊቷን አዞረች። እንቁላል ላጥኩላት፤ አፏን በእጇ ከደነች። ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ተረት ጀመርኩ። አንዲት ጉርሻ አልዋጠችም። እናቷ በየቀኑ ከዚህ ጋር ስትታገል እንደምትውል ያኔ አየሁና ደነገጥኩ።

ከጎሮ ወዲያ አገሩ እየሞቀ ይሄዳል። ቀዩ አፈር ይመጣል፣ ግራሩ ይበዛል፣ የበቆሎ አገዳ ይታያል። ሾፌሩ በእጁ እያሳየ፣ "ሶፍ ዑመር በዚህ በኩል ነው፣ መምህር" አለኝ። ያን ዋሻ ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ፤ ለማየትም እመኝ ነበር። ዞሬም አላየሁት። ሂሩት ደረቴ ላይ ተኝታ ነበር፤ ክብደቷ የሁለት ዓመት ልጅ እንኳ አይሞላም።

አዴ ከድጃ ቤት

አዴ ከድጃ፣ አገሩ ትልቅ ሴትን "አዴ" ነው የሚለው፣ በሩ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ጎላ ያለ ሴት ናቸው። "ኢንተሎ፣ ልጄ፣ ነይ እስቲ" ብለው ልጅቷን አቀፏትና ቀና ብለው አዩኝ። ቅለቷ አስደንግጧቸዋል። ስንዴና ገብስ እንደማይሆናት ነገርኳቸው። የበቆሎ ገንፎ ሠሩ፣ ቅቤ አደረጉበት። ሂሩት አሸተተችው፣ በጣቷ ቀመሰችው፣ ከዚያ በላች። ማመን አቃተኝ።

በማግስቱ ያስመልሳት ጀመር። ተቅማጡም ተከተለ። ዓይኗ ሰርጎ ገባ።

"አዴ፣ ገንፎው የምን ነበር?" አልኳቸው።

"የበቆሎ ነው፣ ወላሂ" አሉ። ከዚያ እጃቸው አፋቸው ላይ ሄደ። "ብቻውን አልያያዝ ሲለኝ ትንሽ የገብስ ዱቄት ጣል አድርጌበታለሁ። ገብስ አትብላ ስትለኝ የገብስ ምግብ መስሎኝ እኮ ነው፤ እፍኝ የማትሞላ ዱቄት ትጎዳለች ብዬ መች አሰብኩ?"

በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ያቺን ታህል ዱቄት ይህን ካደረገች፣ ሮቤ ስንመለስ በምን እጠብቃታለሁ?

ከዚያ በኋላ ሂሩት ለሁሉም አፏን ዘጋች። ማሽላውንም፣ ሩዙንም፣ የዶሮ መረቁንም እምቢ አለች። ከውሃ በቀር የምትቀበለው ጠፋ። እጇን ስይዘው ቀዝቃዛ ነው። ወደ ጎባ የሚመለስ መኪና ፈልጌ አጣሁ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት ከታችኛው ቆላ ወተት ይዛ መጣች። አዴ ከድጃ ከጮጮው ወደ ኩባያ ሲቀዱ አረፋው ከፍ አለ። ወተት የማትወደው ልጄ ከመደቡ ቀና ብላ፣ "ያ ነጭ ነገር ምንድን ነው?" አለች። ከዚያም፣ "ልቅመሰው?"

አዴ ከድጃ ኩባያውን ወደ ኋላ ሳቡት።

"መምህር፣ ይኼ የግመል ነው" አሉኝ። "በእናንተ ሃይማኖት እንደማይፈቀድ አውቃለሁ። ሳልነግርህ ብሰጣት አላህም አይወድልኝ። አንተ ነህ የምትወስነው።"

ደነገጥኩ። መንዝ ያለችው እናቴ የግመል ወተት ካለበት ቤት ውሃ አትጠጣም። አልማዝ ጾም የማታፈርስ ሴት ናት። የሂሩት ማተብ አንገቷ ላይ ላልቶ ተንጠልጥሏል። ልጅቷ ደግሞ ዓይኗን ከኩባያው አላነሳችም።

"ስጧት" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

እሳቸው "ቢስሚላህ" ብለው አቀበሏት፤ እኔ አማተብኩ። ጠጣች። አረፋው ከንፈሯ ላይ ቀርቶ፣ "ሌላ አለ?" አለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ምግብ ስትደግም አይቼ አላውቅም። ውጭ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

ወተቱ ተስማማት። አዴ ከድጃ ምጣዱንም ገበቴውንም አጥበው፣ ለእሷ ብቻ ማሽላ አስፈጭተው ቂጣ ጋገሩ። በወተቱ እያራሰች በላችው፤ አላስመለሳትም። ቤታቸው በቆየንበት ቀን ሁሉ ለእሷ ለብቻ ጋገሩ።

መመለስ

ስንመለስ ማሽላ፣ ጥቂት ጤፍና በትንሽ ጀሪካን የግመል ወተት ይዘናል። የእህል ኬላው ላይ አንድ ጠባቂ አስቆመን። ጆንያውን ዳሰሰ፤ ለቤት ፍጆታ ነው ስለው ተወው። የጀሪካኑን ክዳን ከፍቶ አሸተተ።

"ጓድ፣ ይኼ የግመል አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

የልጅቷን ማተብ አየ፣ እኔን አየ። "ለማን ነው?"

"ለእሷ። ሌላ አልበላ ብላ ነው።"

የሂሩትን ቀጭን ክንድ አየ። ክዳኑን አጥብቆ ዘጋና፣ "እንዳይፈስባችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት" ብሎ አሳለፈን።

አልማዝ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። ገና ደጃፉ ላይ ሳለን ሁሉንም አወጣሁት፤ አንዳች አልደበቅኩም፤ ገብሱንም፣ ወተቱንም ነገርኳት። ሕፃኑን አቅፋ ቀጥ ብላ ቆመች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"ጠጣችው?" አለች።

"ጠጣችው። ደገመችም።"

"አላስመለሳትም?"

"አላስመለሳትም።"

ሕፃኑን አስተኛችው። ኩባያ አጠበች፣ ወተቱን ራሷ ቀዳች። ሂሩት እስክትጨርስ ድረስ አጠገቧ ቆመች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"የነፍስ አባታችንን እኔ አነጋግራቸዋለሁ፤ እሱን ለእኔ ተወው። አንተ ወደ ጊኒር የሚሄደው መኪና መቼ እንደሚነሳ ጠይቅ።"

ከዚያ ጉዞ ወዲህ የምግብ ስም ሲነገረኝ አላምንም፤ ውስጡ ምን እንዳለ እጠይቃለሁ። ሰው ቤት ገብቶ እንዲህ ማለት እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፤ እጠይቃለሁ። ሂሩት ቀስ በቀስ ሥጋ አወጣች፣ ሆዷም ጎደለ። አልማዝን ሊጠይቁ የሚመጡ ጎረቤቶች ደግሞ ትኩስ ዳቦ ይዘው ነው የሚመጡት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሂሩትን በር ላይ አገኘኋት። እንግዳዋ ቆርሰው ሲያቀብሏት ዳቦውን በሁለት እጇ ተቀብላ አሸተተችው፤ ረጅም ጊዜ አሸተተችው።

"እኔ አይሆነኝም" አለቻቸው። "ለእማዬ እሰጥልዎታለሁ።"