የመንታዎቹ እናት

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እግራቸው በብረት ለሚደገፍ ልጆች ሱሪ እንዴት እንደሚሰፋ ሰባት ዓመት ሙሉ በራሷ ብሎግ ጻፈች። አርባ የሚሆኑ እናቶችም ከሥር የየራሳቸውን ዘዴ ይጨምሩበት ነበር።

«እታለም፣ ለአርባ ሰው ብለሽ ዓይንሽን ታጠፊያለሽ? ሰዉ ሁሉ ያለው ሶሻል ሚዲያ ላይ ነው» ብዬ የጎተጎትኳት እኔ ነኝ። ሶሻል ሚዲያ ላይ አዲስ ገጽ ከፍታ የራሷን ጽሑፍና ፎቶ ወደዚያ ወሰደችና ብሎጉን ዘጋችው፤ የእናቶቹን ምክር መገልበጥ ሁለታችንም አልታሰበንም።

ትናንት አንዲት እናት ደወለች። «የብረቱ ማሰሪያ የልጄን ጉልበት አቆሰለው። ብሎግሽ ላይ ‹የመንታዎቹ እናት ነኝ› ያለችው ሴት የጻፈችው መላ የት ሄደ?»

እህቴ መላውን አታስታውሰውም፤ የሴትዮዋንም ስም አናውቅም። በአዲሱ ገጽ «የመንታዎቹ እናት፣ አለሽ ወይ?» ብላ ጻፈች። እስካሁን ሦስት መቶ ሰው የልብ ምልክት አድርጎላታል፤ መልስ የሰጠ ግን የለም። እኔ ልጄን እያጠባሁ በየሰዓቱ ገጹን ከፍቼ አያለሁ።