ቅዳሜ ቅዳሜ የሚታጠበው ድንጋይ

ፈይሳ ከሰቶ ሰመሮ ሰፈር በታች ያለው የድንጋይ ማጣሪያ ዘበኛ ነው። የከተማው የሽንት ቤት ውሃ በቦይ ይመጣና የድንጋዩን ክምር አልፎ ወንዝ ይገባል። ኦዞን የሚባል፣ ውሃውን ጨርሶ የሚያጠራ ማሽንም ይመጣል ተብሎ ነበር። ቤት ተሠራለት፣ እሱ ግን ቀረ። እንግዲህ ያለው ድንጋዩ ብቻ ነው።

ድንጋዩ ቡናማ ልጋግ ይዟል። የሠሩት ሰዎች ሲሄዱ፣ "ይሄን እንዳትነካው፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው፣ ቆሻሻውን የሚበላው እሱ ነው" ብለውታል። እንዴት እንደሚበላ ፈይሳ አያውቅም። ብቻ አይነካውም።

ወንዙ ዳር አዴ ዙሀራ ይኖራሉ። እግራቸውን ያማቸዋል፣ ሌላው ውሃ ደግሞ ዳገቱ ላይ ነው። ሼሁ፣ ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው ካልተቀየረ የወንዙ ውሃ ለውዱእ፣ ከሶላት በፊት ለሚታጠቡት፣ ይሆናል ብለዋቸዋል። ችግሩ፣ ከታመሙ ወዲህ አፍንጫቸው አይሠራም። የቀትር ሶላት ሲደርስ ማንቆርቆሪያቸውን ሞልተው ፈይሳ ዘንድ ይመጣሉ።

"ፈይሳኮ፣ እስቲ አሽትልኝ።"

"ምንም የለውም አዴ።"

"ወላሂ በል!"

"እኔ ክርስቲያን ነኝ እኮ።"

"ቢሆንም በል" ይሉና ይስቃሉ።

አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲቃረብ እንግዶች ማጣሪያውን ይጎበኛሉ ተባለ። የጽዳት ዘመቻው ኃላፊ ጓድ ከፈለ ሰው አስከትሎ፣ በረኪናና ብሩሽ አሸክሞ መጣ።

"ይሄ ምንድነው? አክታ ይመስላል! ይታጠብ!"

"ጓድ፣ ቆሻሻውን የሚበላው እሱ ነው ብለውኛል።"

"ሲበላ አየኸው? ምሳው በስንት ሰዓት ነው?"

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ፈይሳም አብሮ ሳቀ፣ ምን ያድርግ።

"ወይስ ዘመቻው አልተስማማህም?"

ሳቁ ቆመ። ፈይሳ ጎንበስ ብሎ ብሩሹን አነሳ።

ድንጋዩ ነጭ ሆነ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ጓድ ከፈለ ደስ ቢለው ጊዜ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይታጠብ ብሎ አዘዘ።

ከበዓሉ በኋላ አዴ ዙሀራ እንደ ልማዳቸው መጡ። ፈይሳን ገና ማንቆርቆሪያውን ሳይቀበላቸው ሸተተው።

"እህ?" አሉት።

ምንም የለውም ሊል አፉን ከፈተ። ግን እሱን አምነው ነው የሚሰግዱት።

"ይሸታል አዴ።"

ውሃውን ሳሩ ላይ ደፉት።

"ያ ልጋግህ ተመልሶ አይበቅልም?"

"ቢተዉት ይበቅል ይመስለኛል።"

"ተወዋ ታዲያ!"

ፈይሳ ባዶውን ማንቆርቆሪያ ተቀበላቸው። እሳቸውም ዝቅ ብለው ለውዱእ አፈሩን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱ፣ ውሃ እንዳጣ መንገደኛ። ወንዙ እዚያው አጠገባቸው ይፈሳል።

ቅዳሜ በረኪናው መጣ። ፈይሳ ብሩሹን አነሳ።