አበባ እየቀጠፍኩ ነበር

ስትሮኩ ቀኝ እጄን የያዘው፣ ልጄ በርሊን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ባገኘችበት ሰሞን ነው። ጊዜ አይቶ መምጣቱ! ልጄም «ኮትሽን ራስሽ እስክትቆልፊ የትም አልሄድም» ብላ ቁጭ አለች፤ ያውም በጀርመንኛ። በአማርኛ ሳወራት በጀርመንኛ መመለስ ከኪታ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ዓመሏ ነው። ኦስትኤንድ ሰፈር ስንት ዓመት ቢሮ ያጸዳሁበት እጅ ጭኔ ላይ ተጋድሞ ይውላል።

በኋላ ክሊኒኩ አዲስ ማሽን እንሞክር አለ። ሽቦ ያለው ኮፍያ ይደፉልኛል፣ እጄን ጓንት ውስጥ ይከቱታል። አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን ላገጣጥም አጥብቄ ሳስብ ኮፍያው ሐሳቤን ያነባል፣ ጓንቱ ጣቶቼን ያንቀሳቅሳል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ አንጎል መንገዱን መልሶ ይማራል አሉኝ። ለመጀመሪያው ቴርሚን፣ ለቀጠሮው ማለቴ ነው፣ ሹሩባ ተሠርቼ፣ ቅቤ ተቀብቼ ሄድኩ። ሰው ጭንቅላቴን ሊያይ አይደል! ቴራፒስቷ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቅቤዬን ስትጠርግ ቆየች።

«እስክሪብቶ ሲያነሱ ያስቡ» አለችኝ። አሰብኩ። ጓንቱ ዝም። «እንጆሪ።» ዝም። በሦስተኛው ቀን አጠገቤ የተቀመጠችው ልጄ ስልኳን እየነካካች፣ በጀርመንኛ፣ «እማዬ የተኛች መሰለኝ» አለች። ሰው ፊት! ደሜ ፈላ። ጭኗን ይዤ ባዞርኩት ብዬ ስመኝ ጓንቱ ግጥም አለ።

ቴራፒስቷ ከወንበሯ ዘላ ተነሳች። «ምን አሰቡ?»

እንዴት ልንገራት? ልጄ ኪታ እያለች ቁንጥጫዬን ለአስተማሪዋ አሳይታ፣ ተጠርቼ፣ ተመክሬ፣ «ሁለተኛ አይለመደኝም» ብዬ የወጣሁ ሴት ነኝ።

«አበባ እየቀጠፍኩ ነበር» አልኳት።

አይ እኔ! በሚቀጥለው ቴርሚን ስክሪኑ ሁሉ ጽጌረዳ ሆኖ ጠበቀኝ። ጓንቱ ንቅንቅ አላለም።

ለልጄ እውነቱን ሹክ አልኳት። ሆዷን ይዛ ሳቀችና ሥራ ጀመረች። ቴራፒስቷ እንዳትሰማ ግን በአማርኛ መሆን ነበረበት። አቤት፣ አማርኛ የጠፋባት ልጅ ስድብ ስታጠና ብታዩ! «እማዬ፣ ሽሮሽ ውሃ ውሃ ይላል።» ግጥም። «አፍንጫዬን ልበሳ ነው።» ግጥም። «የአክስቴ ወጥ ካንቺ ይጥማል።» ጓንቱ ሊሰበር! ቴራፒስቷ ልጄ የምታበረታታኝ መስሏት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የመጨረሻው ቴርሚን ያለ ኮፍያ፣ ያለ ጓንት ሆነ። ቴራፒስቷ እውነተኛ አበባ ጠረጴዛው ላይ አኑራ «ይቅጠፉ» አለችኝ። ልጄ የያዘችውን ስድብ ሁሉ ደረደረች። ጣቶቼ ወይ ፍንክች! ፈራሁ፣ የምሬን ፈራሁ። ልጄም ፊቴን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣

«ግድ የለም እማዬ። በርሊን ቀርቷል። ቦታውን ትናንት መልሻለሁ። ኮትሽን እኔ እቆልፍልሻለሁ» አለችኝ።

እጄ መቼ እንደተነሳ አላየሁም። «አው! እማዬ! ኧረ ልቀቂኝ!» ስትል ነው ጭኗ ላይ ያየሁት። መልቀቁን ደግሞ ገና አልተለማመድኩም። ቴራፒስቷ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቃ አስለቀቀቻት።

ቦታውን አልመለሰችም። ስድብ ሲያልቅባት የፈጠረችው ውሸት ነበር።

በሄደች ቀን ኮቴን ራሴ ቆልፌ ባቡር ጣቢያ ሸኘኋት። ለካ አንዱን ቁልፍ ያለ ቀዳዳው አስገብቼው ኖሯል። አየችው። እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ መልሳ ኪሷ ከተተችው።